ዋንጫው ተመለሰ፤ እኛስ?

ጠብ ሻንጣ አያስፈልገውም፤ ከባለቤቱ ጋር ይሳፈራል። ይህን ያወቅነው የፈተናው ሳምንት አልፎ፣ እኛ አምስታችን የሺንሺቾ ልጆች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ነው። ከግቢው በር እስከ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው እስከ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕናም እስከ ሺንሺቾ የተነጋገርነው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይኸውም ስለ ቅርጫት ኳስ አሠልጣኛችን መባረር። ሾፌሩ በመጨረሻ ቢሰለቸው፣ «እናንተ ልጆች፣ ይህ ሰውዬ ዘመዳችሁ ነው ወይስ ባለዕዳችሁ?» ሲል ጠየቀን። ሦስታችን «ዘመዳችን ነው» አልን፤ አንዱ «ባለዕዳችን ነው» አለ፤ አንዱ ግን በመስኮት ወደ ውጭ ይመለከት ነበርና ምንም አልመለሰም። ዝም ስላለው ወንድማችን በኋላ እንነጋገራለን።

ነገሩን ሁላችሁም ስለምታውቁት ስም መጥራት አያሻም። ይሁን እንጂ ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ያብጣልና፣ ያየነውን ብቻ በአጭሩ እንጽፋለን። የውድድሩ ደንብ ተሰላፊ ሁሉ በዚያው ወሰነ ትምህርት የተመዘገበ ተማሪ መሆን አለበት ይላል። አሠልጣኛችን ባለፈው ወሰነ ትምህርት ትምህርቱን ያቋረጠ አንድ ልጅ አሰለፈ። ልጁ ቁመቱ እንደ ግንድ፣ እጁ እንደ መረብ ነበር። አሸነፍን፤ ዋንጫውንም እየጨፈርን ይዘን ገባን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሸነፈው ቡድን አቤቱታ አቀረበ፤ ተመረመረ፤ ዋንጫው ተመለሰ። በማግሥቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አራት መስመር ብቻ ያላት ወረቀት ተለጠፈች። አሠልጣኙ «ደንብ በመጣሳቸው ምክንያት» ከሥራቸው ተሰናብተዋል ትላለች። ማን ጠየቃቸው፣ ምን መለሱ፣ ማን ፈረደ የሚል ነገር አልነበረባትም።

እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ለሁለት ተከፈለ። አንዱን የሕግ ወገን፣ ሌላውን የውለታ ወገን ብለን እንጥራቸው። የውለታ ወገን እንዲህ ይላል፦ ይህ ሰው የሜዳውን መሥመር በገዛ እጁ በኖራ ያሰመረ፣ መረቡ ሲበጠስ በኪሱ ገንዘብ የገዛ፣ የታመመ ተጫዋች ሲኖር ሐኪም ቤት ደጃፍ ያደረ ሰው ነው፤ ለአንድ ስም ሲባል እንዴት እንደ ሌባ ይባረራል? የሕግ ወገን ደግሞ ይመልሳል፦ ውለታ ሕግን የሚሽር ከሆነ፣ ነገ መምህሩ ለሚወደው ልጅ ነጥብ ቢጨምር ምን ልንል ነው? በሰው ፈተና ሌላ ሰው ቢገባስ? ስፖርት ትምህርት ቤት ውስጥ የገባው ጠባይ እንዲያስተምር ነው እንጂ ብረት ዋንጫ እንዲሰበስብ አይደለም። ጨዋታውን በ1891 በማሳቹሴትስ የፈለሰፈው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሳለ 55 ጊዜ አሸንፎ 60 ጊዜ ተሸንፏል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይከበራል ይላሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁለቱም ወገን ሲናገር ሰምተን ሁለቱንም «እውነት ነው» ያልንበት ጊዜ ነበር። ነገር ግን መሐል መቀመጥ እንደ ፍርሃት በሚቆጠርበት ግቢ ስለምንኖር፣ ሦስታችን ከውለታ ወገን ጋር ጮኽን።

ሺንሺቾ በገባን በሦስተኛው ቀን ከአንዳችን አያት ቤት ቡና ተጠራን። ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበ፤ ከጓሮው የእንሰቱ ቅጠል ይንሿሿል፤ እኛም ገና ሁለተኛው ቡና ሳይወርድ ጠባችንን ከሻንጣው አወጣን። አባባ በበርጩማቸው ተቀምጠው ጸጥ ብለው ሰሙን። ከመካከላችን ሞቅ ያለው ወንድማችን ቀጠል አድርጎ፣ «አባባ፣ ይህ ሁሉ ሴራ ነው! ሴራ ተሠርቶባቸው ነው የተባረሩት!» አለ።

አባባ ሳቁና፣ «ሴራማ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ልጆቼ» አሉ።

ይህን ቀልድ ከሌላ አገር የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱት ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በአማርኛ ሴራ ማለት ተንኮል፣ የሥውር ምክር ነው። በእኛ በከምባታም ሆነ በጎረቤታችን በሀድያ ግን ሴራ ማለት መንደሩ የሚተዳደርበት ሕግ ነው። ሐዘን ሲደርስ ማን ምን ያመጣል፣ ቤት ሲሠራ ማን ይረዳል፣ ያጠፋ ሰው በማን ፊት ይቀርባል፣ ምን ያህል ይቀጣል፣ ይህ ሁሉ በሴራ ይወሰናል። ያጠፋው ተጠርቶ ይጠየቃል፤ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ይቆረጣል። ቅጣቱን የከፈለ ሰው ወደ ማኅበሩ ይመለሳል፤ እምቢ ያለ ግን እሳት የሚጭርለት ጎረቤት እንኳ ያጣል። እንግዲህ በአንዲት ቃል ውስጥ አማርኛው ተንኮልን፣ አገራችን ሕግን አስቀምጠዋል ማለት ነው። አባባ የነገሩንም ይህንኑ ነው፤ በአሠልጣኙ ላይ የተደረገው አማርኛው የሚለው ሴራ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የእኛው ሴራ ግን እንዳልሆነ አውቃለሁ አሉ።

ከዚያም ሦስት ጥያቄ ጠየቁን። የመጀመሪያው «ሰውዬውን ጠርተው ጠይቀውታል?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «የስሙ መዝገብ በማን እጅ ነበር?» የሚል ነበር። ሦስተኛውን ስንሰማ ሁላችንም ሲኒያችንን ማየት ጀመርን፤ ስለዚህ በመጨረሻ እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እናንሣ። ከመካከላችን ሕግ የሚያጠናው ወንድማችን (ባለዕዳ ነው ያለው እርሱ ነው) አንድ የአሜሪካ ጉዳይ አነሣ። በኦሃዮ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ጂም ኦብራየን የሚባል የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነበር። ይህ ሰው በ1998 ከዩጎዝላቪያ ለመጣ አሌክሳንደር ራዶየቪች ለሚባል ወጣት ቤተ ሰብ 6,000 ዶላር ሰጠ። የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ደንብ ለሚመለመል ተጫዋች ቤተ ሰብ እንዲህ ያለ ገንዘብ መስጠትን ይከለክላል። ልጁ በአገሩ በገንዘብ ተጫውቶ ስለ ነበር ለዩኒቨርሲቲው አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ ቀረ። አሠልጣኙ ችግረኞች ስለ ነበሩ አዘንኩላቸው አለ። ዓመታት አልፈው፣ በ2004 ነገሩን ራሱ ለአለቃው ነገረው፤ ዩኒቨርሲቲውም የስፖርት ማኅበሩን ፍርድ ሳይጠብቅ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አባረረው። ኦብራየን ከሰሰ። የግዛቲቱ ፍርድ ቤት በ2006 የሰጠው ፍርድ ለሁለቱም ወገን ትምህርት የሚሆን ነው፤ አሠልጣኙ ውሉን አፍርሷል፤ ጥፋተኛ ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ያለ አንዳች ካሣ አውጥቶ ለመጣል የሚያበቃ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲውም በገዛ ውሉ የተጻፈውን አልተከተለም አለ። ዩኒቨርሲቲው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት።

ይህን ስንሰማ እኛ የውለታ ወገኖች አጨበጨብን። ወንድማችን ግን «አትቸኩሉ» አለን። ፍርዱ ንጹሕ ነው አላለም፤ ጥፋትና ቅጣት ይመዘኑ ነው ያለው። በዚያው ዓመት የስፖርት ማኅበሩ የዩኒቨርሲቲውን ድሎች፣ በ1999 ለመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች የደረሰበትን ጭምር፣ ከመዝገብ ሰርዟል። ስለዚህ ሰውዬው ካሣ አገኘ፤ ድሉ ግን አልተመለሰም። ሁለቱ ነገሮች የማይቃረኑ መሆናቸውን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ደግሞም የተባረረ አሠልጣኝ ሁሉ የተበደለ አይደለም። ኬልቪን ሳምፕሰን የሚባለው አሠልጣኝ በኦክላሆማ ሳለ በደንብ ከተፈቀደው በላይ ከ500 ጊዜ የበለጠ ለሚመለመሉ ተማሪዎች ስልክ ደውሏል ተብሎ ተቀጣ። ወደ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ቅጣቱ ሳያልቅ ያንኑ ጥፋት ደገመ ተብሎ ተከሰሰ። በ2008 የካቲት 750,000 ዶላር ተቀብሎ ሥራውን ለቀቀ፤ ተጫዋቾቹም ተቆጥተው ከልምምድ የቀሩ ነበሩ። አስገራሚው ነገር፣ ያ የስልክ ደንብ በ2012 ራሱ ላልቶ ቀረ። ታዲያ ሰውዬው ትክክል ነበር እንበል? አይደለም። ደንቡ ከንቱ ነው የሚል ሰው ደንቡ እንዲለወጥ በግልጽ ይሟገታል እንጂ በጨለማ ስልክ አይደውልም። በእኛም ግቢ «የምዝገባው ደንብ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ፤ ከውድድሩ በፊት ግን አንዳቸውም ይህን ሲሉ አልሰማንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። «የስሙ መዝገብ በማን እጅ ነበር?» አባባ ይህን ሲጠይቁ ሁላችንም አንድ ቀን ትዝ አለን፤ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም.። ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ሺንሺቾ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሻይ ቤት ሞልቶ፣ እኛ በትልልቆቹ እግር መካከል ሾልከን ገብተን አየን። ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፈ። ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ወደ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ገባን ተብሎ ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ ያየነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ደስታው ሳያድር፣ ፊፋ ኢትዮጵያን እየመረመረ ነው የሚል ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ስለ ነበረበት፣ ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ። 2 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቆጠረ፤ ሦስት ነጥብ ሄደ፤ 6,000 የስዊስ ፍራንክም ተቀጣን።

ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ ይጠይቅ የነበረው አባባ የጠየቁንን ነበር። ሁለት ካርድ መቁጠር የማን ሥራ ነው? የአሠልጣኙ ነው? የቡድን መሪው ነው? የጽሕፈት ቤቱ ነው? የተጫዋቹ ነው? ብዙ እጅ የያዘው መዝገብ የማንም አይሆንምና፣ ወቀሳው ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ሲመላለስ ከረመ። ጥፋቱም የእኛ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ማጣሪያ ቶጎና ኢኳቶሪያል ጊኒም የማይገባውን ተጫዋች አሰልፈው ተቀጥተዋል። ኬፕ ቨርድ ደግሞ ቱኒዝያን አሸንፋ ካለፈች በኋላ በእንዲህ ያለው ጥፋት ወደቀች። የእኛ ቡድን እንኳ በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በ13 ነጥብ በመምራት ራሱን አዳነ፤ በኋላም ናይጄሪያ አስቀረችን።

አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ምን ሆኑ? ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያስገቡ ሰው ናቸው። በሦስቱ ነጥብ ጊዜ ከሥራቸው አልተነሡም። በ2006 ዓ.ም. ጥር ግን በደቡብ አፍሪካ በተደረገው በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ፣ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ሲመለስ ብዙም ሳይቆይ ተሰናበቱ። እኛ በእርሳቸው ላይ ፈራጆች አይደለንም። ነገር ግን ይህን ታሪክ ስናስታውስ አንድ ነገር አሳሰበን፤ ደንብ ሲጣስ ያልተናወጠ ወንበር፣ ጎል ሲጠፋ ተናወጠ። ምናልባት በእኛም ግቢ አሠልጣኙ የተባረሩት ደንቡ ስለ ተጣሰ ሳይሆን ዋንጫው ስለ ተመለሰ ይሆንን? ዋንጫው መደርደሪያው ላይ ቢቀር ኖሮ ያቺ አራት መስመር ወረቀት ትለጠፍ ነበርን?

ስለ መዝገቡ ለአባባ የመለስነው መልስ እንዲህ ነው። የተሰላፊዎቹን ዝርዝር የሚጽፈው አሠልጣኙ ነው፤ ተማሪ መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ማኅተም ግን በሌላ ቢሮ ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመቷል። ያን ማኅተም የመታው እጅ እስከ ዛሬ ሥራው ላይ ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ብለው ብቻ ዝም አሉ።

እነሆ ሦስተኛው ጥያቄ፦ «እናንተስ ታውቁ ነበር?»

እናውቅ ነበር። ልጁ ትምህርቱን ማቋረጡን እናውቅ ነበር። ማደሪያችን ውስጥ በአንዳችን አልጋ ጫፍ ያድር ነበርና። በአንዳችን የምግብ ካርድ ምሳ ይበላ ነበርና። በስሙ ዘፈን አውጥተን ያጨበጨብነው እኛ ነን። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ «በሕግ አምላክ!» ብለን ወደ ሜዳው ብንወርድ የሚሰማን አናጣም ነበር፤ ግን እያሸነፍን ነበር። ዋንጫው ሲመጣ «አሸነፍን» አልን፤ ዋንጫው ሲመለስ «ጣሱ» አልን። ድሉ የብዙዎች፣ ጥፋቱ የአንድ ሰው ሆነ። አሠልጣኙ ሻንጣቸውን ይዘው በግቢው በር ሲወጡ ከእኛ መካከል ሸክም ያገዛቸው የለም፤ ፈተና ነበረብን።

በዚህ ጊዜ በመኪናው ውስጥ ዝም ብሎ የነበረው ወንድማችን ተናገረ። ይህ ልጅ ሺንሺቾ ውስጥ በባሕር ዛፍ አጣና ላይ የብረት ቀለበት ሰቅሎ፣ ማንም ሳያስተምረው ኳስ መጣል የተማረ ነው። በቡድኑ ዝርዝር ስሙ አለ፤ የተመዘገበ ተማሪ ነው፤ ክፍያውንም በጊዜው ከፍሏል። ያ ረጅሙ ልጅ የተሰለፈው በእርሱ ቦታ ነበር። በፍጻሜው ጨዋታ እናቱ በስልክ «ተጫወትክ ወይ?» ብላ ስትጠይቀው «አሸነፍን እማዬ» ብሎ የመለሰላት እርሱ ነው። እኛ ይህን አላወቅንም ነበር፤ ጠይቀነው አናውቅምና።

«ለአሠልጣኙ እኔም አዝናለሁ» አለ። «ጫማ የገዙልኝ እርሳቸው ናቸው። ግን እናንተ በየቀኑ እርሳቸው ተበደሉ፣ ኮሌጁ ተበደለ፣ ዋንጫው ተበደለ ስትሉ ትውላላችሁ። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ማንም አልቆጠረውም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። አባባም ሦስተኛውን ቡና እንዲቀዳለት አዘዙ፤ መጀመሪያ ለእርሱ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ እንግዲህ የእኛ አሳብ ይህ ነው። በሕጉ ወገን ሆነን እንዲህ እንላለን፦ ዋንጫው መመለሱ ትክክል ነው፤ ደንቡም ይከበር፤ ምክንያቱም ደንብ የሚጠብቀው ቢሮውን ሳይሆን ስሙ ተጽፎ አግዳሚ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ነው። በውለታው ወገን ሆነን ደግሞ እንዲህ እንላለን፦ አሠልጣኙ ተጠርተው ይጠየቁ፤ መልሳቸው ይጻፍ፤ ማኅተሙን የመታውም ይጠየቅ፤ ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ ይመዘን። ማባረር ከፍርድ በኋላ ቢመጣ ቅጣት ነው፤ ከፍርድ በፊት ሲመጣ ግን ነገር ማዳፈን ነው። ማኅበራችንም ከእንግዲህ ከማንኛውም ውድድር በፊት የተሰላፊዎቹን ዝርዝር በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ ሺህ ዓይን ያየውን ስም ማንም በጓሮ አያስገባውም።

ከዕረፍት ስንመለስ አምስታችን የፈረምንበት ደብዳቤ ለሚመለከተው ቢሮ አስገብተናል። ግልባጩን ለአሠልጣኙ፣ ሌላውን ግልባጭ ዋንጫው ለተመለሰለት ቡድን ልከናል። ደብዳቤው «ይመለሱልን» ብሎ አይጀምርም። የመጀመሪያውን መስመር የጻፈው ያ አግዳሚ ላይ የነበረው ወንድማችን ነው፤ እርሱ ብቻ ነበር ይህን ለመጻፍ የማያፍረው። እንዲህ ይላል፦ «እኛ ከዚህ በታች ስማችን የተጻፈው ተማሪዎች እናውቅ ነበር።»

ከዚያ በታች ቦታ ትተናል። እናውቅ ነበር የሚል ሁሉ መጥቶ ይፈርም።